የላንድሮቨሬ ኮርኒስ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ

የሱሉልታው፦ ሰላም ሰዎች። ከአባቴ የወረስኩት ዲፌንደር 110 አለኝ። የጣሪያው ጨርቅ ከኋላ ጀምሮ ተላቆ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል፣ ስነዳ ፀጉሬን ይነካኛል፣ በዚያ ላይ ቢጫ ዱቄት ያራግፍብኛል። አምና አንድ ታፒሴሪያ ቤት በማስቲሽ መልሶ ለጠፈልኝ፣ ሁለት ወር አልቆየም። ምን ይሻለኛል?

ለገጣፎ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ጨርቁ አይደለም። ከጀርባው ያለው ስስ ስፖንጅ በሙቀትና በዕድሜ ፈርሶ ነው፣ ዱቄቱም እሱ ነው። በፈረሰ ስፖንጅ ላይ ማስቲሽ ቢደፋ ምን ይይዛል? መብራቱን፣ የፀሐይ መከላከያውንና እጀታዎቹን ፈታተህ ጨርቁ የተለጠፈበትን ሰሌዳ በኋላ በር አውጣው። ሰው ያግዝህ፣ ብቻህን ከታገልክ ይሰነጠቃል (የኔ ጥጉ ላይ ሄዷል)። አሮጌውን ስፖንጅ በብሩሽ ሙልጭ አድርገህ ጥረግ፣ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን። አዲሱ ጨርቅ ስፖንጅ ያለው ይሁን። ሙቀት የሚችል ማስቲሽ ሁለቱንም ፊት ቀብተህ እጅ እስከማይዝ ጠብቅ፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር በመዳፍህ እየዳበስክ ለጥፍ። ቸኩለህ ከለጠፍክ ጨርቁ ላይ ይወዛል።

ጋሽ ሾፌር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃ ፈትሽ። የዲፌንደር ጣሪያ አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም፣ በመጋጠሚያው ግን ያፈሳል። ኮርኒሱ ወርዶ ሳለ ጣሪያው ላይ በጆግ ውሃ አፍስስና ከውስጥ እይ። የሱሉልታን ክረምት ታውቀዋለህ።

የሱሉልታው፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለካ ከኋላ የጀመረው ውሃ እየገባበት ይሆናል! ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ጨርቁን አያለሁ። ግራጫ ወይስ ክሬም?

ለገጣፎ፦ ግራጫ። ክሬም ለአቧራችን አይሆንም።