ከአክሰስ ወደ ቴክስት ፋይል ሳወጣ የገበሬዎቹ ስም የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ የማሳው ጂፒኤስም ይቆረጣል

የጅማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ ሆኜ የቡና ገበሬዎች መሠረታዊ ማህበራትን መዝገብ እይዛለሁ። የጎማና የማና ወረዳ አባሎቻችን በሙሉ የተመዘገቡት አንድ የማይክሮሶፍት አክሰስ (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ ነው። የአባል መለያ፣ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት በሄክታር፣ ላቲትዩድ፣ ሎንግትዩድ፣ ስልክ፣ እንዲሁም «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለው።

ቡናችንን ወደ አውሮፓ የሚልክልን ገዥ የማሳዎቹን ዝርዝር በቴክስት ፋይል፣ ዓምዶቹ በታብ ተለይተው እንዲላክለት ጠይቋል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፦ ቡና ደን ከተጨፈጨፈበት መሬት አለመምጣቱን ማሳየት የሚያስገድደው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ነው። ደንቡ ላቲትዩድና ሎንግትዩድ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ እንዲኖራቸው ይላል።

አሁን ኤክስፖርት አድርጌ በኤክሴል ስከፍተው አንዱ መስመር እንዲህ ነው የሚለው፦

417 ፣ ???? ???? ???? ፣ 7.85 ፣ 36.65

አክሰሱ ላይ ግን ያው ሰው መለያው 00417 ነው፣ ስሙ በአማርኛ በትክክል ተጽፏል፣ ማሳውም 7.853126 እና 36.648907 ላይ ነው። ሦስቱም ነገር ተበላሽቶ ወጣ። ከሁለት ሺህ በላይ ገበሬ ነው፣ በእጅ እየጻፍኩ ላስተካክለው አልችልም። ዝርዝሩ ካልደረሰ የእነዚህ ሰዎች ቡና ከጭነቱ ሊቀር ነውና እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ኮቺ ሰፈር፦
አይዞሽ እህቴ። ቴብሉን (ሰንጠረዡን) ከፍተሽ ሙሉውን ምረጪና ኮፒ አድርጊ፣ ኤክሴል ላይ ፔስት አድርጊው፣ ከዚያ ሴቭ አዝ ብለሽ «ቴክስት፣ ታብ ዲሊሚትድ» የሚለውን ምረጪ። እኛ ቢሮ ሁልጊዜ የምንሠራው እንደዚህ ነው።

አዌቱ ዳር፦
ወንድሜ ኮቺ፣ ያ መንገድ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሠራል፣ ለአማርኛ ግን አይሆንም። ኤክሴል «ታብ ዲሊሚትድ» ብሎ ሲያስቀምጥ የሚጠቀመው የዊንዶውስን ነባር ኮድ ገጽ (ኮድ ፔጅ፣ ማለትም የትኛው ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ የሚወስን ሰንጠረዥ) ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። 00417ም ኤክሴል ላይ ሲያርፍ ቁጥር መስሎት 417 ያደርገዋል።

እህቴ የጅማዋ፣ ስሞቹ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆነው ከወጡ ከዚያ ፋይል መልሶ ማግኘት አይቻልም፣ ፊደሉ ጠፍቷል። ያንን ፋይል አጥፊውና እንደ አዲስ አውጪ። አክሰስ ላይ ቴብሉን በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ኤክስፖርት፣ ከዚያ ቴክስት ፋይል በይ። መጀመሪያ በሚመጣው መስኮት «ኤክስፖርት ዳታ ዊዝ ፎርማቲንግ ኤንድ ሌይአውት» የሚለውን ሳጥን እንዳትነኪው። እሱን ከነካሽው ቴብሉን በሰረዝና በቋሚ መስመር አጥሮ እንደ ሥዕል ያወጣዋል፣ ያንን ማንም ፕሮግራም በትክክል አያነበውም። ባዶውን ተይውና ኦኬ በይ።

ቀጥሎ ዲሊሚትድ (ዓምዶቹ በምልክት የሚለዩበትን) ምረጪ። እዚሁ መስኮት ላይ፣ ከታች በግራ በኩል «አድቫንስድ» የሚል ቁልፍ አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ነው የሚያልፈው፣ የአንቺ መፍትሔ ግን ያለው እሱ ውስጥ ነው። ክፈቺውና «ኮድ ፔጅ» ከሚለው ዝርዝር «ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8» ምረጪ፣ እሱ የግዕዝንም ፊደል ይይዛል። እዚያው ፊልድ ዲሊሚተሩን ታብ አድርጊ። ኦኬ ብለሽ ስትመለሺ «ኢንክሉድ ፊልድ ኔምስ ኦን ፈርስት ሮው» የሚለውን ምልክት አድርጊበት፣ የዓምዶቹ ስም አንደኛው መስመር ላይ እንዲወጣ።

አንድ ነገር አደራ፦ የወጣውን ፋይል በኤክሴል አትመርምሪው። በኖትፓድ ክፈቺው። ኖትፓድ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ፣ ኤክሴል ግን ሲከፍት በራሱ ይተረጉማል።

የጅማዋ፦
አላህ ይስጥልኝ! ስሞቹ በኖትፓድ ጥርት ብለው ወጥተዋል፣ መለያውም 00417 እንዳለ ነው። ግን ኃላፊዬ በኤክሴል ሲከፍተው የጥያቄ ምልክቱ ቀርቶ አሁን ደግሞ አናቱ ላይ ጭረት ያለው የፈረንጅ «ኤ» (á) እና ሌላ ሌላ ምልክት ሞልቶበታል። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው? ጂፒኤሱም አሁንም 7.85 ነው።

አዌቱ ዳር፦
አልተበላሸም፣ እንዲያውም ደህና መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዩቲኤፍ-8 አንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ነው የሚጽፈው፣ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ኤክሴል ፋይሉን በድሮው ኮድ ገጽ ሲያነበው ያቺ ባይት ጭረት ያላት «ኤ» ሆና ትታየዋለች። ስለዚህ በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ካየሻት አማርኛው ፋይሉ ውስጥ በሰላም አለ፣ ያልተስማማው አንባቢው ነው።

ኃላፊሽ በኤክሴል ማየት ከፈለገ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጎ አይክፈተው። ባዶ ኤክሴል ከፍቶ ዳታ፣ ከዚያ «ፍሮም ቴክስት» ይበል። በሚመጣው መስኮት ፋይል ኦሪጅን የሚለውን 65001 ያድርገው፣ የመለያውን ዓምድ ደግሞ ቴክስት ይበለው። ያኔ ፊደሉም ዜሮውም ይመጣል። ከዚያ ሴቭ ሳያደርግ ይዝጋው፣ ለገዥው የሚላከው ኤክሴል ያልነካው ፋይል ይሁን።

ጂረን ማዶ፦
ስለ ጂፒኤሱ ልመልስልሽ። የአክሰስ የቴክስት ኤክስፖርት ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚቆርጠው በዊንዶውስ ሪጅን ሴቲንግ መሠረት ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ሪጅን፣ አዲሽናል ሴቲንግስ ግቢ። «ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ» የሚለው ቦታ 2 ይላል። 6 አድርጊውና አክሰስን ዘግተሽ ክፈቺ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጂረን ያለው ትክክል ነው፣ ይሠራል። እኔ ግን አልመክርም ልጄ። ያ ቅንብር የኮምፒውተሩ ነው፣ የመዝገቡ አይደለም። ነገ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብታወጪው፣ ወይም ዊንዶውሱ እንደገና ቢጫን ወደ 2 ይመለሳል፣ ማንም ሳያስተውል የተቆረጠ ዝርዝር ይላካል። መፍትሔው መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ።

ቴብሉን በቀጥታ ከማውጣት ፋንታ ክዌሪ ሥሪ፣ ማለትም ከቴብሉ የምትፈልጊውን ብቻ መርጦ የሚያወጣ መጠይቅ። የሚያስፈልጉትን ዓምዶች አስገቢ፣ የላቲትዩዱን ዓምድ ግን እንዳለ አታስገቢው። በእሱ ፈንታ አዲስ ዓምድ ላይ እንዲህ ጻፊ፦

ላቲ6: ፎርማት([ላቲትዩድ], "0.000000")

«ፎርማት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊው፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው የራስሽ ዓምድ ስም ነው። ለሎንግትዩዱም እንደዚያው። ይህ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ ጽሑፍን ደግሞ ኤክስፖርቱ አይቆርጥም። ከዚያ ክዌሪውን አዌቱ ዳር ባስረዳሽ መንገድ አውጪ። ጽሑፍ ስለሆነ በትእምርተ ጥቅስ ታጥሮ እንዳይወጣ «ቴክስት ኳሊፋየር» የሚለውን «ነን» (ምንም) አድርጊው።

ከዚያ በፊት ግን የቴብሉን ዲዛይን ክፈቺና የሁለቱን ዓምዶች ፊልድ ሳይዝ፣ ማለትም ቁጥሩ በምን መጠን እንደሚያዝ፣ እዪ። ደብል መሆን አለበት። ሲንግል ከሆነ 7 አሃዝ ያህል ብቻ ነው በትክክል የሚይዘው፣ 36.648907 ደግሞ 8 አሃዝ አለው። የመጨረሻዋ አሃዝ ስትመዘገብ ጀምሮ ተዛብታ ነበር ማለት ነው፣ ያንን ፎርማት አይመልሰውም።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደማወራ ልንገርሽ። አንድ ዲግሪ ላቲትዩድ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ሲኖር ልዩነቱ 1.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጎማ ገበሬ ማሳ ምን ያህል እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ጎን ለጎን ያሉ የአንድ መንደር ሰዎች በሙሉ አንዲት ነጥብ ላይ ይደራረባሉ፣ ነጥቧም ጫካ ላይ ልታርፍ ትችላለች። ሰውዬው አንድ ዛፍ ሳይቆርጥ ደን ውስጥ አርሷል ይባላል። 6 አሃዝ ሲሆን ግን ልዩነቱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ማሳው ማሳው ላይ ይውላል።

ቅደም ተከተሉንም ገዥውን ጠይቂ። እኛ አካባቢ በ7 ወይም በ8 የሚጀምረው ላቲትዩድ ነው፣ በ36 ወይም በ37 የሚጀምረው ሎንግትዩድ። ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ መረጃ ፋይል አሠራር ሎንግትዩድን ያስቀድማል፣ ብዙው ሰንጠረዥ ደግሞ ላቲትዩድን። ሁለቱ ከተገለባበጡ የጎማ ማሳ አልጄሪያ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ካላችሁም አንድ ነጥብ አይበቃውም፣ ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት።

ኮቺ ሰፈር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ የኛንም ቢሮ ዝርዝር ዛሬውኑ አየዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ደግ። አንድ የረሳሁት፦ ክዌሪው ውስጥ የስልክ ዓምዱን አታስገቢ። ገዥው የጠየቀው ማሳውን ነው። ገበሬው ስልኩን የሰጠው ለማህበሩ እንጂ ለውጭ ድርጅት አይደለም፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ያልተጠየቀ ነገር አይላክ።

የጅማዋ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። ክዌሪውን ሠራሁት፣ ፊልድ ሳይዙ ደብል ነበር፣ 7.853126 ሙሉውን ወጣ። ስልኩን አውጥቼዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዳንድ ገበሬ ላይ መስመሩ መሃል ላይ ተሰብሮ ግማሹ ቀጣዩ መስመር ላይ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ ከቆየ መዝገብ የተገለበጡ ስሞች ኖትፓድ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ፣ አክሰሱ ላይ ግን አማርኛ ናቸው።

ጂረን ማዶ፦
የሚሰበረው «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ይሆናል። መዝጋቢው «ማሳው ከወንዙ ማዶ» ብሎ ጽፎ ኢንተር ከመታ ያ ኢንተር ፋይሉ ውስጥ አዲስ መስመር ይሆናል። ገዥው አስተያየቱን ካልፈለገው ከክዌሪው አውጪው፣ ችግሩ አብሮ ይወጣል። ከፈለገው ሪፕሌስ በሚለው ፋንክሽን የመስመር መስበሪያዎቹን፣ ማለትም 13 እና 10 የተባሉትን ካራክተሮች፣ በባዶ ቦታ ተኪያቸው። ታብም ካለ እንዲሁ ተኪው፣ አለዚያ አንድ ዓምድ ሁለት ይሆናል።

የጅማዋ፦
አልጠየቁትም፣ አወጣሁት። መስመሮቹ ተስተካክለዋል።

አዌቱ ዳር፦
የቆዩት ስሞች ነገር የኤክስፖርት ችግር አይደለም እህቴ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ይጽፍ ነበር። እነዚያ ፎንቶች የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደል ነው፣ መልኩን ብቻ ነው አማርኛ የሚያስመስሉት። አክሰስ ላይ ያ ፎንት ስላለ አማርኛ ሆኖ ይታይሻል። ቴክስት ፋይል ፎንት ስለማይሸከም እርቃኑን ቀረ።

ምንም ዓይነት ኮድ ፔጅ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። ፎንቱ የቱ እንደሆነ እዪና ከዚያ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀሚ። ጥቂት ከሆኑ ግን የገበሬው ስም ነውና ከወረቀቱ መዝገብ ጋር እያስተያየሽ በእጅ መጻፉ ይሻላል፣ ቀያሪዎቹ አንዳንዴ ፊደል ያሳስታሉ። ገና ያልተቀየሩትን ለመለየት ክዌሪውን በስም ዓምድ ደርድሪው። በላቲን ፊደልና በምልክት የሚጀምሩት ከአማርኛዎቹ በፊት ተሰብስበው ይመጣሉ።

የጅማዋ፦
ብዙ አይደሉም፣ በእጅ እጽፋቸዋለሁ። የስም ነገር ስለሆነ ሊቀመንበሩም አጠገቤ ይቀመጣል።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በየምርት ዘመኑ አዲስ አባል ስለሚገባ ይህን ዝርዝር ደጋግሜ አወጣዋለሁ። ኮድ ፔጁን፣ ታቡን፣ ኳሊፋየሩን ሁልጊዜ መምረጥ አለብኝ?

ጂረን ማዶ፦
የለብሽም። አድቫንስድ ውስጥ ሁሉንም ከመረጥሽ በኋላ እዚያው «ሴቭ አዝ» የሚል አለ፣ ስም ሰጥተሽ አስቀምጪው። ሌላ ቀን «ስፔክስ» ብለሽ ትጠሪዋለሽ። ኤክስፖርቱ ሲያልቅ ደግሞ «ሴቭ ኤክስፖርት ስቴፕስ» ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው። ከዚያ ወዲያ «ሴቭድ ኤክስፖርትስ» ውስጥ ገብተሽ ረን ማለት ብቻ ነው። ግን የሚጽፈው በዚያው በድሮው ፋይል ላይ ነው፣ ስለዚህ የላክሽውን ቅጂ አስቀድመሽ በዓመተ ምህረቱ ሰይመሽ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ።

የጅማዋ፦
አድርጌዋለሁ። ለገዥው አሥር መስመር ናሙና ልኬ ነበር፣ ስሙም ነጥቡም በትክክል እንደተነበበላቸው መልሰዋል። የቆዩት ስሞች ተጽፈው ሲያልቁ ሙሉው ይሄዳል። ጋሼ መምህር፣ አዌቱ ዳር፣ ጂረን፣ ኮቺ፣ ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ።