ከ100 ሚሊዮኑ ብድር በፊት፦ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ማስፋፊያ ፕሮፖዛል

ሰብሳቢ፦ ሰላም ወገን። ረቂቁ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ከውሃ ሀብት ልማት ፈንድ 100 ሚሊዮን ብር ብድር»። ብሩ ምን እንደሚሠራበት፣ ማን እንደሚመልሰው አልተጻፈም። በዚህ ሳምንት እንሙላው።

የጣቢያ ባለሙያ፦ መጀመሪያ ጭነቱ ይታወቅ። የምጽፋቸው ቁጥሮች የስሌት መነሻ ናቸው፣ ሲለካ ይተካሉ። ከመኖሪያ ቤት በቀን 3,000 ሜትር ኩብ፣ በሊትር 500 ሚሊግራም ቢኦዲ (ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚፈጀው ኦክስጅን፣ የብክለት መለኪያችን)፣ 1,500 ኪሎ። ከፋብሪካ 1,200 ሜትር ኩብ በ1,200 ሚሊግራም፣ 1,440 ኪሎ። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ስድስት ምልልስ፣ በምልልስ 8 ሜትር ኩብ፣ በ5,000 ሚሊግራም፣ 240 ኪሎ። በድምሩ 3,180። መኪኖቹ ከውሃው 1 በመቶ ብቻ ይዘው ከጭነቱ 7 ተኩል በመቶ ያመጣሉ።

የመጀመሪያው፣ አናይሮቢክ ኩሬ (ቆሻሻው ያለ ኦክስጅን የሚበሰብስበት) በ18 ዲግሪ ሙቀት የሚችለው በቀን በሜትር ኩብ 260 ግራም ነው። ይዘቱን 9,000 ሜትር ኩብ ብንይዝና ሲሶውን ዝቃጭ ቢሞላው ጭነቱ 530 ይደርሳል፣ እጥፍ። ተከታዩ፣ ፋካልታቲቭ ኩሬ (ላዩ ኦክስጅን ያለው፣ ታቹ የሌለው) አረንጓዴነቱን ትቶ ሐምራዊ ሲሆን ጭነቱ እንደበዛበት እየነገረን ነው።

የሂሳብ ክፍል፦ ታዲያ ጋሼ፣ ዝቃጩ ቢጠረግ አይበቃም?

የጣቢያ ባለሙያ፦ ሲጠረግ 353 ይሆናል። መኪኖቹ ወደ ዝቃጭ ማድረቂያ አልጋ ቢዞሩ 327። ፋብሪካዎቹ ግቢያቸው ውስጥ አጣርተው 500 ሚሊግራም ላይ ቢያደርሱት 233። ስለዚህ አናይሮቢክ ኩሬ መጨመር የለብንም። ፋካልታቲቩ ግን ይሰፋል፦ ከቀሪው 2,100 ኪሎ የመጀመሪያው 56 በመቶ ቢያስቀር 924 ይተርፋል፣ አንድ ሄክታር በቀን የሚችለው 216 ኪሎ ነውና 4.3 ሄክታር ይጠይቃል። አሁን ያለው 3 ከሆነ የምንበደረው ለ1.3 ሄክታር ነው። የእርሻ መሬት ከሆነ ካሳውም እዚሁ ይገባል።

የዝቃጩን ከፍታ ለማወቅ መሣሪያ አትግዙ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥሙ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ዝቃጩ ፎጣው ላይ መስመሩን ትቶ ይወጣል። በየ5 ሜትሩ ድገሙት፤ መግቢያው አካባቢ ብቻ የለካ ሰው አብዝቶ ይገምታል።

የሂሳብ ክፍል፦ እኔ ደግሞ መመለሻውን አሰላሁ። 100 ሚሊዮን በ3 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት ብንይዘው በዓመት 6.72 ሚሊዮን። በቀን ለሚገባው 4,200 ሜትር ኩብ ሲካፈል በሜትር ኩብ 4 ብር ከ38 ሳንቲም። የሚሰበሰበው 70 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 6 ብር ከ26፣ ያውም የሥራ ማስኬጃ ሳይጨመር። በቢኦዲ ጭነት ብናስከፍል ቤቱ 3 ብር ከ13፣ ፋብሪካው 7 ብር ከ51 ይደርሰዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ወጪውን እንዲሸፍን ስለሚል መሠረት አለን።

የነዋሪ ተወካይ፦ ቆይ እህቴ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው 500 ላይ ካደረሰ ሁሉም እኩል 4 ብር ከ38 ሊከፍል ነው። እነሱ ባጸዱ የቤቱ ታሪፍ ይጨምራል ማለት ነው። ይሄን ለሰፈር ማን ያስረዳል?

የሂሳብ ክፍል፦ ልክ ነህ፣ አምልጦኛል። ግን እነሱ ካጸዱ 100 ሚሊዮኑ በሙሉ ላያስፈልግ ይችላል። ብድሩን ለሁለት እንክፈለው፦ አንደኛው ጠረጋ፣ ማድረቂያ አልጋና የፍሰት መለኪያ፤ ሁለተኛው 1.3 ሄክታሩ፣ የፋብሪካዎቹ ውል ሲፈረም ብቻ የሚለቀቅ። የብድር ውሉም በብር ይሁን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አልፏል፤ የኛ ታሪፍ የሚሰበሰበው በብር ነው።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። አብሽር ወንድሜ፣ የሰፈሩን ስብሰባ አብረን እንመራዋለን። ከታች ጨፋ ረግረግ ላይ በበጋ ከብት የሚያሰማራውም ይጠራ፣ የቦርከና ወንዝ የኛን ውሃ የሚወስደው ወደሱ ነው። ልኬቱ መቼ ይጀመር?

የጣቢያ ባለሙያ፦ ግንቦት ላይ፣ ከዚያ ነሐሴ ላይ እንደገና። ክረምት ዝናብ መስመሩ ውስጥ ስለሚገባ አንዱ ብቻውን ያሳስታል። ፍሰቱን ለመለካት መግቢያው ላይ ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ግድብ ይበቃል፦ ውሃው ከቪው ታችኛ ጫፍ በላይ ያለው ከፍታ 20 ሳንቲሜትር ሲሆን በሰከንድ 25 ሊትር፣ 25 ሲሆን 43 ሊትር ነው። ናሙና በየሰዓቱ፣ ለ24 ሰዓት፣ ሌሊቱም ሳይዘለል።