አዲስ ኮለም ገጥሜ ፒኮቼ ተበላሹ፣ የገጠምኩበት መንገድ ይሆን?

የቡና ላብ
ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ጥናቴ በቡና ላይ ነው፤ ትራይጎኔሊን፣ ክሎሮጀኒክ አሲድና ካፌይን በኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ድብልቅን ነጣጥሎ በሚለካ መሣሪያ) እለካለሁ። ኮለሙ (ናሙናው ሲያልፍ የሚነጣጠልበት ቱቦ) ሲ18 የሚባለው ዓይነት ነው፣ 4.6 በ150 ሚሊ ሜትር፣ 5 ማይክሮን። አሮጌው ግፊቱ እየጨመረ ስላስቸገረኝ ባለፈው ሳምንት አዲስ ገጠምኩ። መጠኑ ያው ነው፣ አምራቹ ግን ሌላ ነው። ሞባይል ፌዙንም (ናሙናውን በኮለሙ ውስጥ የሚወስደውን ፈሳሽ) ፍሰቱንም አልነካሁም። ፒኮቼ (ግራፉ ላይ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚወጡት ጉብታዎች) ግን ሰፉ፣ ጭራ አወጡ። በጣም የባሰበት መጀመሪያ የሚወጣው ትራይጎኔሊን ነው፣ ካፌይኑ ያን ያህል አልተጎዳም። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም፣ ግፊቱም ደህና ነው። ኮለሙ ተበላሽቶ ነው የመጣው? ይሄን ለማግኘት ወራት ጠብቄያለሁ፣ መልሼ ማዘዝ አልችልም። የመመረቂያዬ ጊዜም እየደረሰ ስለሆነ በጣም ጨንቆኛል።

ጥራት ክፍል
አይዞሽ እህቴ፣ ኮለሙን ገና አትውቀሺ። መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ፤ ወደ ኮለሙ የሚገባው ቱቦ ብረት ነው? ፈሩሉስ (ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ትንሿ ቀለበት) አሮጌው ኮለም ላይ የነበረው ራሱ ነው?

ከሆነ ችግሩን እዚያው ፈልጊው። የብረት ፈሩል አንዴ ከጠበቀ ቱቦውን ነክሶ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ወዲያ ወዲህ አይልም። ከፈሩሉ ፊት ለፊት የሚወጣው የቱቦ ጫፍ ርዝመት የሚወሰነው መጀመሪያ በጠበቀበት ኮለም ጉድጓድ (ቱቦው በሚገባበት ቀዳዳ) ጥልቀት ነው። ጉድጓዱ ደግሞ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የፓርከር ዓይነቱ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዋተርስ ዓይነቱ ወደ 3.3። ጥርሱ አንድ ስለሆነ ሁሉም ይገባል፣ ይጠብቃልም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አጭር ጉድጓድ ላይ የተለካ ቱቦ ረጅም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ታች አይደርስም፣ ከፊቱ ባዶ ቦታ ይቀራል።

1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማለት 2 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ናሙናሽ እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ይደባለቃል፣ ከዚያ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ቶሎ የሚወጣ ፒክ ጠባብ ስለሆነ ወዲያው ይታይበታል፤ ዘግይቶ የሚወጣው መጀመሪያውኑ ሰፊ ስለሆነ ይሸፍነዋል። ያንቺም ምልክት ይሄው ነው። አለመፍሰሱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የሚፈሰው ተቃራኒው ሲሆን ነው፤ ጫፉ ሲረዝም ፈሩሉ ቦታው ላይ አይቀመጥምና። ያኔ ደግሞ ሰው በመፍቻ እያጠበቀ የኮለሙን ጥርስ ይበላዋል።

የቡና ላብ
አዎ ብረት ነው፣ ፈሩሉም የድሮው ነው! ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን ትርፍ ፈሩል የለንም። ምን ላድርግ?

መሣሪያ ጠጋኝ
በጣት የሚጠብቅ የፕላስቲክ ፊቲንግ (ቱቦውን ከኮለሙ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከነፈሩሉ) ላባችሁ ውስጥ አይጠፋም፣ መሳቢያዎቹን ፈትሺ። ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ ከግራፉ ፒክ እንዳይምታታብሽ ፕላስቲክ ልበለው። ፈሩሉ ቱቦውን ነክሶ ስለማይቀር ለየትኛውም ኮለም እንደገና ይስተካከላል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ፓምፑን አጥፊና ግፊቱ ዜሮ እስኪሆን ጠብቂ። የፕላስቲክ ቱቦውን ጫፍ በቱቦ መቁረጫ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው፤ በመቀስ ከሆነ ይጨፈለቃል፣ ሰያፍ ከሆነም ያው ክፍተት ተመልሶ ይመጣል። ፊቲንጉን አላልተሽ ቱቦውን እስከ ታች ግፊው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ እጅሽ ወደ ታች እንደገፋሽው፣ ሳትለቂው፣ በሌላው አጥብቂ። ጣት ይበቃል፣ መፍቻ አያስፈልግም።

የቱቦውን ቀለምም እዪ። ቀይ ሽርጥ ያለው ውስጡ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቢጫው 0.18፣ ሰማያዊው 0.25፣ ብርቱካናማው 0.5። ብርቱካናማውን በኢንጀክተርና (ናሙናውን በሚወጋው) በዲቴክተር (የሚወጣውን በሚለካው) መካከል እንዳታስገቢ። ሰማያዊው ራሱ በ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 5 ማይክሮ ሊትር ይይዛል፣ ቢጫው የዚያን ግማሽ ነው። እና አሳጥሪው። ግፊትሽ ከ300 ባር በታች ከሆነ ፕላስቲኩ ብዙውን ጊዜ ይችላል፣ ግን የፊቲንጉን ወሰን እዪ። ቴትራሃይድሮፉራንና ዳይክሎሮሜቴን የሚባሉት ማሟሟያዎች ስለሚያሳብጡት ከእነሱ ጋር አትጠቀሚው።

ጥራት ክፍል
እኔ የምጨምረው መውጫውን ነው። ሁሉም የሚያስተካክለው መግቢያውን ብቻ ነው። ወደ ዲቴክተሩ በሚሄደው በኩል ያለ ክፍተት የተለያየውን ፒክ መልሶ ያደባልቀዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። ሁለቱንም ጫፍ እንደ አዲስ ግጠሚ።

ስትመልሺው ደግሞ ኮለሙ ላይ ያለውን ቀስት ተከተዪ። መጀመሪያ መግቢያውን ብቻ አገናኝተሽ መውጫውን ቢከር ውስጥ አድርጊ፣ በዝቅተኛ ፍሰት ትንሽ ይታጠብ፣ ከዚያ ነው ወደ ዲቴክተር። ሞባይል ፌዝሽ ፎስፌት ካለበት ኮለሙ ውስጥ አሴቶናይትራይል (ማሟሟያው) እያለ በቀጥታ አትልቀቂበት፣ ጨው ይረጋል። በመካከል ውሃ በበዛበት ድብልቅ እጠቢው።

የቡና ላብ
ትናንት ማታ ሠራሁት። መግቢያውን ብቻ ስቀይር ትራይጎኔሊኑ ግማሽ መንገድ ተስተካከለ። መውጫውን ስቀይር ጭራው ጠፋ ማለት ይቻላል። የብረቱን ቱቦ አውጥቼ ከሁለቱ ኮለሞች ጉድጓድ ጋር አስተያየሁት፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ተኛሁ። አሮጌውን ኮለም ልጣለው?

መሣሪያ ጠጋኝ
ኧረ እንዳትጥዪው። ግፊት የጨመረው የመግቢያው ማጣሪያ በቡና ጭማቂ ቅንጣት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ ወረቀት ከፈቀደ ገልብጠሽ በዝቅተኛ ፍሰት እጠቢው፣ ዲቴክተሩ ግን ተነቅሎ። ናሙናሽንም ከመወጋቱ በፊት በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፊው። የብረቱን ቱቦ ከአሮጌው ኮለም ጋር አንድ ላይ አስቀምጪና የየትኛው እንደሆነ ፕላስተር ለጥፈሽ ጻፊበት፣ ካንቺ በኋላ የሚመጣው ተማሪ እንዳይቸገር።