ዶክተር ሁን ለአባባ ልተረጉም ነው፤ ሊላ «አንተ» ትበል ወይስ «አንቱ»?

የአባቱ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባባ ከደሴ መጥተው ለንደን እኛ ጋ ናቸው። ማታ ማታ ከልጄ ጋር የድሮ «ዶክተር ሁ» (በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ «ዶክተሩ» ስለሚባል ሰው የሚተርክ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም) ያያሉ። እንግሊዝኛው ስለማይገባቸው ጎናቸው ተቀምጬ እያስተረጎምኩ ግማሹ ያመልጠናል። አሁን የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ላስገባበት ብዬ ተነሳሁ። የመረጥኩት በ1977 (በእኛ 1969) የታየውን «የዌንግ-ቺያንግ ጥፍሮች» ነው፤ 6 ክፍል፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ገደማ። ታሪኩ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነው፦ ጉም፣ በየመንገዱ የሚጠፉ ልጃገረዶች፣ ቲያትር ቤት ሥር የተደበቀ ከ51ኛው ክፍለ ዘመን የሸሸ ወንጀለኛ።

የቸገረኝ፦ እንግሊዝኛው ሁሉንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል፤ እኔ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን አንቱ እንደሚል መወሰን አለብኝ፤ በተለይ ከዶክተሩ ጋር የምትጓዘው ልጅ ሊላ። ሁለተኛ፣ ወንጀለኛው የሚፈልገውን በጊዜ የመጓዣ ዕቃ፣ «ታይም ካቢኔት» የሚሉትን፣ ምን ልበለው? ሦስተኛ፣ ፋይሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ስከፍተው ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

ሽምብራ፦
ርዕስህን ሳነብ «ዶክተር ሁን» ብለህ የምትመክረን መስሎኝ ነበር። እናቴ ስንት ዓመት የለፈለፈችው ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ «የጊዜ ካቢኔ» እንዳትል አደራ። አባባ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የሚመጡ ይመስላቸዋል። «ቁም ሣጥን» ካልክም ልብስ የሚሰቀልበት ነው። ዕቃው ከፔኪንግ መጥቶ ፕሮፌሰር ላይትፉት ቤት የተቀመጠ ያጌጠ ሣጥን ስለሆነ «የጊዜ ሣጥን» ይበቃል። የዶክተሩን በጊዜ መጓዣ ሣጥን «ታርዲስ»ን እንዳለ ተወው፣ አለዚያ ሁለት ሣጥን ይምታታባቸዋል።

ቡና በጨው፦
ሊላ ሁሉንም አንተ ትበል። ፖሊሱንም፣ ፕሮፌሰሩንም፣ ዶክተሩንም። ያደገችው አዳኝ ጎሳ ውስጥ ነው፤ ቅድመ አያቶቿ በሌላ ፕላኔት የቀሩ የቅኝት ቡድን ነበሩ፣ የጎሳው ስም «ሴቫቲም» ራሱ በእንግሊዝኛ «ሰርቬይ ቲም» ከሚለው ተሸራርፎ የቀረ ነው። አንቱታን ማን አስተማራት?

የዳር ወንበር፦
አልስማማም። ዶክተሩ አስተማሪዋ ነው፣ እሱን እንኳ አንቱ ብትል ምን አለበት? ለትልቅ ሰው ጆሮ ልጅ ትልቅን አንተ ስትል ይከብዳል።

ቡና በጨው፦
እንዲከብዳቸው ነው የሚፈለገው! መጨረሻ ላይ ላይትፉት የሻይ ሥርዓት ያስተምራታል፤ «ስኳር አንድ ወይስ ሁለት?» ሲባል ሴት ወይዘሮ አንድ ይበቃኛል እንድትል። እሷ ደግሞ ሁለት ብፈልግስ ትላለች። ከመጀመሪያው አንቱ ስትል የከረመች ልጅ ከሆነች ያ ትምህርት ለማን ነው?

ጣፋጩ ግን የቲያትር ቤቱ ባለቤት ጃጎ ነው። መጀመሪያ ዶክተሩን ሥራ ፈላጊ ትርኢተኛ አድርጎ ያየዋል፤ እዚያ ላይ «አንተ» ይበለው። በኋላ ትልቅ መርማሪ ሲመስለው በአንድ ጊዜ «አንቱ»። እንግሊዝኛው ይህን በአንዲት ቃል ማሳየት አይችልም፣ አንተ ትችላለህ። «እርስዎ» ሳይሆን «አንቱ» ብትል ደግሞ የዘመኑ ሽታ ይመጣል፣ በዚያ ላይ አባባ ወሎዬ ናቸው። ጃጎ መድረክ ላይ ሲያስተዋውቅ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ይደረድራል። ያንን ቃል በቃል አትከተል፤ ቤት አስመታው፣ እንደ ድሮ የኪነት ቡድን መድረክ መሪ ይናገር።

ገመድ ፈቺ፦
ቴሌቪዥኑ ላይ ለሚመጡት ባዶ ሣጥኖች። ጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ምልክት ቢሆን ኖሮ ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠበት መንገድ) ነው፤ በኖትፓድ ከፍተህ «ዩቲኤፍ-8» ብለህ ሴቭ ታደርገዋለህ። ባዶ ሣጥን ከሆነ ግን ፋይሉ ደህና ነው፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፤ እሱን የምታስገባበት መንገድ አትፈልግ። ሁለት ምርጫ አለህ። ላፕቶፕህን በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ክፈት፣ የጽሑፍ ምርጫው ውስጥ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርገው። ወይም ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትመው (ጽሑፉን አስገብተህ «በርን ኢን» የሚለውን ምልክት አድርግ)፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቴሌቪዥን ያሳየዋል፣ ግን ስህተት ብታገኝ እንደገና ማተም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በላፕቶፕ እየው። አንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ ለአባባ ዓይን ይሻላል።

የዳር ወንበር፦
አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። ቻይናዊውን አስማተኛ ቻንግን የሚጫወተው ጆን ቤኔት ነጭ ነው፣ ፊቱን በሜካፕ ቀይረውት። ሰዎቹም ቻይናውያንን የሚጠሩበት ቃል ስድብ ነው። ስታስተረጉም አታለስልሰው፣ ስድብን እንደ ስድብ ጻፈው፤ ለልጅህ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ንገረው። እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ፣ ያ ነገር ግን ዛሬም ይጎረብጠኛል።

ሽምብራ፦
ለፍሳሽ ቦዩ ትልቅ አይጥም አዘጋጃቸው። ያስፈራል የተባለ ነው፣ የሶፋ ትራስ ነው የሚመስለው።

የአባቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በላፕቶፕ ሠርቷል፣ ኒያላ አድርጌዋለሁ። ሊላን «አንተ» አስባልኳት፤ አባባ መጀመሪያ «ባለጌ ናት» አሉ፣ ትንሽ ቆይተው «ግን ደፋር ናት» አሉ።

ላይትፉት ራት ሲጋብዛት ሙዳውን በእጇ አንስታ የምትገምጥበት ቦታ ላይ ልጄ ሳቀ። ሰውዬውም እንግዳዋን ላለማሳፈር ሹካውን ትቶ በእጁ መብላት ሲጀምር አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሳቅበት አልታያቸውም። «እጇን የሚያስታጥባት የለም እንዴ?» ነው ያሉት።