የሚያስፈራ ቤትና የማትሸሽ ሴት፦ ከየትኛው ልጀምር?

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ደም በየገጹ ከሚፈስባቸው ታሪኮች ይልቅ፣ ፍርሃቱ ከአሮጌ ቤት፣ ከጭጋግና ከተቆለፈ ክፍል ቀስ እያለ የሚወጣባቸውን ጎቲክ ልብ ወለዶች ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይም እየጮኸች አዳኝ የምትጠብቅ ባትሆን ደስ ይለኛል። የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ምዕራፍ 8 ደርሼም ያገኘሁት በአብዛኛው የአዳሪ ትምህርት ቤት ብርድና ረኃብ ስለሆነ አስቀመጥሁት። ልግፋበት ወይስ በሌላ ልጀምር? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
ይግፉበት፤ ያቆሙት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ጄን በቤት ውስጥ አስተማሪነት የምትቀጠርበት ትልቅ ቤት፣ ቶርንፊልድ፣ የምትደርሰው በምዕራፍ 11 ሲሆን፣ ከሦስተኛው ፎቅ የሚመጣውን እንግዳ ሳቅ የምትሰማውም በዚያው ምዕራፍ ነው። ምዕራፍ 15 ላይ ሳቁ በሌሊት ከመኝታ ክፍሏ በር የቁልፍ ቀዳዳ ሥር ይሰማታል። በሩን ስትከፍት ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የበራ ሻማ ተቀምጧል፤ ከአሠሪዋ ክፍል ጢስ ይወጣል፤ የአልጋው መጋረጃም ይነድዳል። ሰውየውን ብትነቀንቀው አልነቃ ሲላት የመታጠቢያውን ውሃ አንሥታ አልጋው ላይ ትደፋዋለች፤ ከዚያም ሮጣ ከራሷ ክፍል ሌላ ውሃ ታመጣለች። መጽሐፉ በ1847 እ.ኤ.አ. በሦስት ጥራዝ ሲታተም አንደኛው ጥራዝ የሚያልቀው እዚሁ ላይ ነበር፤ ስለዚህ እስከዚያ ታግሠው ካልወደዱት ያለ ጸጸት ይተዉት።

የአሮጌ መጻሕፍት ሰብሳቢ፦
እኅቴ፣ እንግሊዝኛሽ መካከለኛ ከሆነ እኔ የምመክርሽ በዳፍኒ ዱ ሞሪዬ «ረቤካ» (1938 እ.ኤ.አ.) እንድትጀምሪ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ቀለል ይላሉ። የተራኪዋ ስም እስከ መጨረሻው አይነገርም፤ የመጽሐፉ ርእስ የሞተችው የባሏ የመጀመሪያ ሚስት ስም ነው። ይሁን እንጂ ከመነሻው ጠንካራ ሴት አትጠብቂ። የቤቱ እመቤት ሆና ሳለ አንዲት የሸክላ ጌጥ ብትሰበርባት ስብርባሪውን መሳቢያ ውስጥ ትደብቃለች፤ የቤት ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አይፈራም። ከመንፈስ ይልቅ የምታስፈራትም በሕይወት ያለችው የቤቱ ኃላፊ ሚስዝ ዳንቨርስ ናት። ድፍረቷ ዘግይቶ ይመጣል፤ እኔ ግን ከተወለደች ጀምሮ ፈርታ ከማታውቅ ጀግና ይልቅ እርሷን አምናታለሁ።

መብራት የማያጠፋ፦
ሁለቱን ከጨረሱ በኋላ የሸርሊ ጃክሰንን «ዘ ሆንቲንግ ኦቭ ሂል ሐውስ» (1959 እ.ኤ.አ.) ያንብቡ። ኤሌኖር እናቷን 11 ዓመት ስታስታምም ወጣትነቷ ያለፈ የ32 ዓመት ሴት ናት፤ ከእኅቷ ጋር በጋራ የገዙትን መኪና ሳታስፈቅድ ይዛ ሂል ሐውስ ወደተባለው አስፈሪ ቤት ትሄዳለች። ለእኔ ደፋርነቷ ያ ነው። በጨለማ የጓደኛዋን እጅ ጨብጣ የምትቆይበትን ገጽ ግን ብቻዎን ሆነው አያንብቡ፤ ከዚህ በላይ ብናገር አበላሽብዎታለሁ።

የማታ አንባቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከምዕራፍ 9 እቀጥላለሁ፤ ያ ሻማ ጋ እስክደርስ ድረስም «ረቤካ»ን አልነካትም።