«ታጥቦ የደረቀ ፌስታል ብቻ» አሉን

ባለ ጀሪካኑ፦ የጀሞ ኮንዶሚኒየም በጎ ፈቃደኞች በየደረጃው ወረቀት ለጥፈዋል። «ቅዳሜ ፌስታል እንሰበስባለን፤ ታጥቦ የደረቀ ብቻ ይምጣ።» ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ አራተኛ ፎቅ ያወጣሁትን ውኃ የሽንኩርት ፌስታል ልጠብበት?

ሚሚ ዘጀሞ፦ ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ነኝ። የሥጋ ፌስታል አንድ ከገባ ጆንያው በሙሉ ይሸታል፣ ተረካቢውም ይመልስብናል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ባለ ጀሪካኑ፦ ወረቀቱ «ታጥቦ» ነው የሚለው፣ «ተጠርጎ» አይልም።

ባለሱቁ፦ ታጥቦ ጭቃ በሉት ሃሃሃ

የቆራሌው ወዳጅ፦ ቆራሌው ሃይላንዱንም አሮጌ ጫማውንም ይገዛል። ፌስታል ስትሰጡት ግን ስቆ ያልፋል። ጆንያ ሙሉ ተሸክሞ ኪሎው ምንም ነዋ! ገበያ የሌለውን ነገር ስንት ቅዳሜ ልትለቅሙ ነው?

ሚሚ ዘጀሞ፦ ገበያ ያለውንማ ቆራሌው ይወስደው የለ? እኛ የምንለቅመው እሱ የተወውን ነው።

በፕላስቲክ ፋብሪካ የሠራሁ፦ ማጠቡ ቅንጦት አይደለም። እርጥብ ማቅለጫው ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ አረፋ ይሠራል፣ የሚወጣው ፌስታል ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። አፈሩ ደግሞ የማቅለጫውን ወንፊት ይደፍነዋል። የብስኩት ልባስማ ጭራሽ አታምጡ፤ ውስጡ የሚያብረቀርቀው ከላዩ ጋር የተጣበቀ ነው፣ አይለያይም። ቀለም የተቀላቀለበት ሁሉ መጨረሻው ጥቁር ፌስታል ነው።

ባለ ጀሪካኑ፦ ቆይ ቆይ። አጥቤ የሰጠኋችሁን ፌስታል መልሳችሁ ፌስታል ልታደርጉት? ያውም በ2017 ፓርላማው ከከለከለው በኋላ?

ባለሱቁ፦ ክልከላውን ተዉት። በ1999ም አዋጅ 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳውን ከልክሎ ነበር። ማን ለካው? አሁን ደግሞ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ተባለ። ደንበኛዬ ቲማቲሙን በኮፍያው ይያዝ?

የምድር ቤቷ እናት፦ ልጆቼ፣ እናንተ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ትቀልዳላችሁ። ክረምት ቱቦው በፌስታል ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው እኔ ቤት ነው። ፍራሼን ያወጡልኝ እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ባለ ጀሪካኑ፦ እማማ፣ እርስዎን አላልኩም። ግን ለጽዳት ከውኃ ቢሉ ጋር እንከፍል የለ? ተከፋይ እያለ ልጆቹ በነፃ ጉልበት ምን አገባቸው?

የቆራሌው ወዳጅ፦ ለካኒቴራና ለፎቶ ነዋ!

ሚሚ ዘጀሞ፦ ካኒቴራ? የትኛው ካኒቴራ? ጓንት እንኳ ከኪሳችን ነው የገዛነው። የሚከፈለው የጽዳት ማኅበር የሚያነሳው ተጠራቅሞ የተቀመጠለትን ነው፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ አይለቅምም።

ረጲ፦ ምን አደከማችሁ፣ ቆሼ ያለው፣ ቆሻሻ እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ በ2010 ተመርቆ የለ? ወስዳችሁ አቃጥሉት።

የቆሼ ልጅ፦ አንተ ደግሞ ሁሉን ወደኛ! በ2009 መጋቢት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብረናል። እዚያው ሰፈራችሁ ጨርሱት።

ረጲ፦ ማቃጠል አልኩ እንጂ ከምሩ አልኩ?

የቆሼ ልጅ፦ ጭሱን የሚስበው ማነው ታዲያ? አንተ?

በፕላስቲክ ፋብሪካ የሠራሁ፦ ሚሚ፣ የወተቱን ፌስታል ለብቻው አድርጉት፣ እሱ ይፈለጋል። ጥግ ጥጉን ቀዶ ማጠብ ነው።

ባለ ጀሪካኑ፦ ይኸው፣ አሁንም ማጠብ!

ባለሱቁ፦ ጀሪካን፣ አንተ ደግሞ መጀመሪያ የወተቱን ዱቤ ክፈል።

ባለ ጀሪካኑ፦ በሰው ፊት ነው እንዴ እንዲህ የሚባለው?