ፈቃድ ያለው ሽጉጥና የመንግሥት ቢሮ
የፒያሳው፦ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ታጥቆ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢገባ ምናለበት? አይፈቀድም እንዴ?

ነገረ ሕግ፦ ይዞ ባይገባ ይሻላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ፈቃድ ላለውም ቢሆን መሣሪያ የማይያዝባቸውን ቦታዎች ለይቷል። ደግሞ ወረፋ ላይ ግፊያ አለ፤ ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ለነጣቂ ይመቻል።

የበር ጥበቃ፦ በር ላይ ማስረከቡም ጣጣ አለው። አፈሙዙ አሸዋ ወደሞላ በርሜል ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናው (የጥይት መያዣው) ይነቀል፣ ከዚያ ይቀባበል (የላዩ ክፍል ወደኋላ ይሳብ)፣ ውስጡ በዓይንም በጣትም ይፈተሽ። ካዝናው ሳይነቀል ከተቀባበለ አንዷ ጥይት ስትወጣ ሽጉጡ ሌላዋን ይጎርሳል፤ ባረቀ የሚባለው እዚች ላይ ነው። ደረሰኙ ላይ የመሣሪያው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት ይጻፍ።

የፒያሳው፦ መኪና ውስጥ ቢቀመጥስ?

ነገረ ሕግ፦ መስታወት ሰባሪ ይወስደዋል። ቤት ተቆልፎበት ይቀመጥ።